በወፍራሙ ነዳጅ ላብራቶሪ ስጠየቅ

በላብራቶሪው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። አለቃው፣ የእኔ እኩያ የሚሆን አሜሪካዊ፣ ከማሞቂያው ምድጃ አጠገብ ቆሟል። ነዳጁ ከሚወጣበት አገር የመጡት እንግዳ መሐንዲስ ከረባታቸው እንዳይነካካ በእጃቸው ይዘው መስኮቱ ስር ናቸው። እዚህ ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ፣ ከእኔ ቀድመው ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጡ ኬሚስት፣ የዕቃ ማጠቢያውን ተደግፈዋል። እኔ በበሩ በኩል፣ ብልቃጦች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ኋላ ነበርኩ።

ጊዜው በፈረንጅ ሰባዎቹ መካከል ነው። ሥራው የሦስት አገር ኩባንያዎች የገቡበት ትልቅ ፕሮጀክት ነበር። ድፍድፍ ነዳጁ ከመወፈሩ የተነሳ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ብልቃጡን ብንገለብጠው አይወርድም። እዚያ አገር በእንፋሎት አሙቀው ያወጡታል፤ በቧንቧ እንዲሄድም ቀጭን ነዳጅ ይቀላቅሉበታል። እኛ ሎስ አንጀለስ ሆነን በትንሽ ምድጃ፣ በኃይለኛ ሙቀት እየሰባበርን ማጣሪያ የሚቀበለው ቀለል ያለ ነዳጅ ልናደርገው እንሞክራለን። ከምድጃው ስር ከሰል የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። እሱን መፋቅና የነዳጁን ውፍረት መለካት የእኔ ድርሻ ነበር። ሽታው ላብራቶሪው ካለበት ሰፈር፣ ከሚድ ዊልሻየር፣ እስከ ቤቴ በአውቶቡስ አብሮኝ ይሄዳል። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም ነበር።

ሙከራው በዚያው ሳምንት ያበቃል። ለቀጣዩ ሥራ የተፈቀደው አንድ የቴክኒሽያን ቦታ ብቻ ነው፤ እሱን ካላገኘሁ ሥራ የለኝም። ጋሼ ለእኔ እንዲሰጠኝ አለቃውን ሲወተውቱ ከርመዋል።

አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

«ቦታውን ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ እኔ ምኑን ችዬው» አልኩ። «የተሻለ ሰው አይጠፋም።»

አልፈልግም ማለቴ አልነበረም። ባደግሁበት ቤት ሴት ልጅ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ካለች ሆዳም ትባላለች፤ በታላቅ ፊት ሲሆንማ ይብሳል። አንገቴን ደፍቼ እስኪለምነኝ ጠበቅሁ።

«መልካም» አለ አለቃው። «በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።» ከዚያ ከእንግዳው ጋር ስለ ዝቃጩ ማውራት ጀመረ።

ጋሼ በአማርኛ፣ «አንቺ፣ ምን እያልሽ ነው?» አሉኝ።

«ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሠርግ ቤት ብሉልኝ የተባልሽ መሰለሽ? እዚህ አንዴ ነው የሚጠየቀው። እኔ እንኳ መጀመሪያ ምሳ ሲጋብዙኝ ጠገብኩ ብዬ ጦሜን ውያለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «በይ ኦኬ በይውና ተገላገይ።»

ብልቃጦቹን መልሼ መደርደር ያዝኩ። ይሄኔ ጋሼ ራሳቸው ለአለቃው ነገሩት፦ «እምቢ ማለቷ እሺ ማለቷ ነው። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው።»

እንግዳው ሳቁ፤ ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። አለቃውም ሳቀና፣ «እና የትኛውን ልመን?» አለኝ። «ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኸው መጣ። ግን ሦስቱም ፊቴን እያዩ ነው። ሆዴ ውስጥ የነበረው ምኞት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ተስቆበታል። አሁን እሺ ብል ሆዳም መሆኔን ማመኔ ነው። ጣቴ ላይ የደረቀውን ጥቁር ነገር በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።

«አልፈልግም» አልኩ። «መጀመሪያ ያልኩት ነው።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ማጠቢያው መለሱ። ውሸታም ያደረግኋቸው በሰው ፊት ነው። የተዘጋውን ቧንቧ ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

ሽርጤን ፈትቼ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩና ወጣሁ።