የእንግዳ ኳስ አይወጣም

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ ፒያሳ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ አንድ ሆቴል በር ላይ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ የባጃጁ መብራት እንጂ ባጃጁ አይታይም። ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈሬ በእግሬ ስለመጣሁ የሻርፔ ጫፍ ረጥቧል። እንዴት ሰላም እንደምላቸው በልቤ ስለማመድ እንግዳዋ ቀድመውኝ ወጡ። ረጅም ናቸው፤ ሽበታም፤ ቀኝ ጉልበታቸው በፋሻ ታስሯል፤ ትከሻቸው ላይ ራኬት የሞላበት ቦርሳ አንግተዋል።

ሊስቤት ይባላሉ። ሆላንዳዊት ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ የሜዳ ቴኒስ እየተጫወቱ የኖሩ። አሁን አዲስ አበባ ላይ ለሚሰጥ የአሠልጣኞች ሥልጠና ከየከተማው ሰው እየመረጡ ነው። ከኮምቦልቻ የታጨችው ዘሀራ የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ዛሬ ገጥመዋት ከወደዷት ትሄዳለች፤ ካልወደዷት ቦታው ለሌላ ከተማ ይሰጣል። የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነው። እንግሊዝኛ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን በየትኛውም ቋንቋ አይሆንልኝም።

ሚኒባሱ ውስጥ እንደገባን ሊስቤት ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ለአስተናጋጆቻቸው የሚሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አጥንተዋል። ወረቀቱን አየሁት፦ «ስለ ጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ» ይላል። ከአፋቸው የወጣው ግን ከየትኛውም አማርኛ ጋር አይዛመድም።

«ማሻአላህ፣ የወሎ ሰው መሰሉ እኮ» አለ ሾፌራችን እንድሪስ።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኩ እኔም።

ደስ ብሏቸው ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱት።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ

መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊታችን ጭነት የከበደው ተሳቢ እያለከለከ ይሳባል፤ ዳር ዳሩን በለስ በባልዲ የያዙ ሴቶች ቆመዋል። ከአንዱ መታጠፊያ በኋላ ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ ፀሐይዋ ታች ሜዳው ላይ ወጥታ ትጠብቀን ነበር።

«ስንት ዋንጫ አላቸው? ጠይቂልኝ እስቲ» አለ እንድሪስ። ጠየቅኩ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እቴ፤ ሞተሩ በለጠሽ።»

በነጠላ ጨዋታ አንድም የላቸውም። በጥንድ ጥቂት አላቸው፤ እነሱም ትንንሽ ናቸው። እንድሪስ ቅር አለው። «ታዲያ በምን ይታወቃሉ?»

ሊስቤት ሳቁ። አባታቸው አበባ ወደ ጨረታ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ። እሳቸው ኳስ መምታት የጀመሩት በትምህርት ቤት ግድግዳ ነው፤ አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ የሳቱት ኳስ እየተንከባለለ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ እያጠመዱ ያወጡታል። ካደጉ በኋላ ከከተማ ከተማ በባቡር እየዞሩ፣ ልብሳቸውን በየማረፊያው እጅ መታጠቢያ ላይ እያጠቡ፣ የጓደኞቻቸውን ራኬት ጅማት እየወጠሩ በሚያገኙት እየበሉ ተጫወቱ።

«በየሳምንቱ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ተሸንፈን ነው የምንሄደው» አሉ። «ሥራዬ ሰኞ ላይ እንደገና መጀመር ነበር።»

አንድ ጊዜ ግን ለትልቅ ነገር ቀረቡ። ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ ለማሸነፍ አንድ ኳስ ቀርቷቸዋል። የተጋጣሚያቸው ኳስ መስመሩ አጠገብ አረፈ፤ ዳኛው አውት አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ተጋጣሚያቸውም ልትጨብጣቸው ወደ መረቡ መጣች። ሊስቤት ግን ኳሱ አፈሩ ላይ የተወውን ምልክት አይተዋል። መስመሩን ነክቷል። ዳኛውን ጠርተው በራኬታቸው ጫፍ አሳዩት። ጨዋታው ቀጠለ፤ ተሸነፉ።

«አይቆጭዎትም?» አለ እንድሪስ በእኔ በኩል።

«ሳምንቱን ሙሉ አልቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዳኛ በሌለበት ሜዳ ሁሉ እኔ አውት ካልኩ የሚከራከረኝ ጠፋ። የኔ ዋንጫ እሱ ነው።»

እንድሪስ አንድ ሁለት መታጠፊያ ዞረ። «ትልቅ ሰው ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ይችን አትተርጉሚያት፤ ያፍራሉ።»

ረፋድ፣ ኮምቦልቻ

እዚህ ሙቀት ነው። ሹራባችንን አውልቀን መኪናው ውስጥ ጣልን። ሜዳው ከፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ ጀርባ ይገኛል፤ አፈሩ ቀይ፣ መስመሩ ኖራ፣ መረቡ በፋብሪካው ክር የተጣፈ ነው። በጡረታ የወጡት የፋብሪካው መካኒክ ጋሽ ይመር አቧራው እንዲተኛ ውሃ ሲረጩ ደረስን። ሜዳውን የሚጠብቁትም፣ የሚዳኙትም እሳቸው ናቸው።

«ሳይቀምሱማ ሜዳ አይረገጥም» አሉ። ፍርፍርና ማር ቀረበ።

ዘሀራ ከፈትል ክፍሉ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ በቀጥታ መጥታለች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ከቃሉ ወረዳ ገጠር ሥራ ፍለጋ መጥታ ነው ራኬት የያዘችው። እጄን ስትጨብጥ መዳፏ ቀዝቅዞ ነበር። «ከተመረጥኩ ተመልሼ እዚሁ ሴቶቹን አስተምራለሁ» አለችኝ። «ካልተመረጥኩ ግን ሁለተኛ የሚጠይቀኝ የለም።»

ጨዋታው ተጀመረ። ሊስቤት ብዙ አይሮጡም፤ ኳሷን ግን ዘሀራ ወደሌለችበት ይልኳታል። የአጥሩ ግንብ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች በአድናቆት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዷ የሊስቤት ኳስ ከመስመሩ ክንድ ያህል አልፋ አረፈች።

«ውስጥ ነው» አሉ ጋሽ ይመር። ዘሀራም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ቀጣይዋም ወጣች፤ ውስጥ ተባለች። ከዚያ በኋላ ያሉትም እንዲሁ። ከግንቡ ላይ አንዱ «ማሻአላህ፣ እጃቸው እኮ አይስትም» ይላል።

ሊስቤት ውሃ ለመጠጣት ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። «እጇ ግሩም ነው፤ እግሯም። ግን መስመር አታይም። መስመር የማያይ ሰው ሌላውን ማስተማር አይችልም። አዝናለሁ።»

«ታያለች» አልኩ። «ሁሉም ያያሉ። እርስዎ እንግዳ ስለሆኑ ነው። እዚህ እንግዳን ተሳስተሃል ማለት ነውር ነው።»

ብርጭቆውን ከከንፈራቸው አወረዱት። «እንግዲያው ንገሪያቸው።»

ወደ ጋሽ ይመር ሄድኩ። «ጋሽ ይመር፣ ኳሳቸው ሲወጣ...»

«ምን አልሽ ልጄ? አልሰማሁሽም።»

«ሲወጣ አውት ይበሏቸው።» ግንቡ ሁሉ ሰማኝ።

«ደሴዎች እንግዳ የምትቀበሉት እንዲህ ነው?» አለ አንዱ ከላይ፤ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

«ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው ጣት ልቀስርባቸው?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ለዘሀራ ብዬ ነው። መስመር አታይም ብለዋል። ቦታው ሊያመልጣት ነው።»

ሳቁ ቆመ። «አያለሁ» አለች ዘሀራ ከመረቡ ማዶ። «ወላሂ አያለሁ።»

ጋሽ ይመር ቆባቸውን አውልቀው አፈሩን ሲያዩ ቆዩ። «አብሽሪ ዘሀራ» አሉ። «የእንግዳውን ወግ እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቺ መስመሩን ያዥ።» ወንበራቸውን ተሸክመው ሄዱና ከዛፉ ሥር ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

ሊስቤት መቱ። ኳሷ ጥግ ላይ አረፈች። ዘሀራ ጣቷን አነሳች፤ አፏ ግን እምቢ አላት። ሊስቤት ይጠብቃሉ።

«አውት» አለች፣ ሰው የሰደበች ያህል አንገቷን ደፍታ።

ሊስቤት እያነከሱ ተሻገሩና ምልክቱ ላይ አጎነበሱ። ከመስመሩ የወጣው ጣት ያህል ነው። በጫማቸው አበሱት፤ ዘሀራን ትከሻዋን መታ አድርገው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ልጅቷ መጫወት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። አውት ስትል አንገቷን መድፋት ተወች፤ የምትመታው ኳስም እየከበደ ሄደ። በመጨረሻ ያሸነፉት ሊስቤት ናቸው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው።

«አዲስ አበባ እጠብቃታለሁ በያት» አሉኝ።

ዘሀራ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው። ጋሽ ይመር ዞር ሳይሉ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ትሄዳለች።»

«አልሐምዱሊላህ። ብዙ አውት አለቻቸው?»

«ብዙ።»

«እንግዲያው ምሳው ይጨመር።»

ከምሳው በኋላ ሊስቤት ተነስተው ወረቀታቸውን አነበቡ። ሁሉም አጨበጨበ። አጠገቤ የነበረችው ሴት «ምን አሉ?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። «አመሰግናለሁ ነው ያሉት» አልኳት። እንደገና ተጨበጨበ።

እሁድ ጠዋት፣ ደሴ መናኸሪያ

ልሸኛቸው ሄድኩ። ጉሙ ዛሬም ወርዷል፤ ረዳቱ «አዲስ አበባ» እያለ ይጣራል።

«የትናንቱ ንግግሬ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«በጣም...» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ጣቴን አነሳሁ።

«አውት ነው።»

ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ላዩ ላይ ተቀመጡ፤ ወረቀቱን አውጥተውም ሰጡኝ። «የቱ ጋ ነው የወጣው?» አሉ።

ከመጀመሪያው ቃል ጀመርን። ረዳቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራን ገና «ጋበዛችሁኝ» ላይ ነበርን።