የተላገው ፊት

እንጨት ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «አፍንጫው» ነው የሚሉት። አናጢ ነው። የጣውላ ፍቅፋቂ አንስቶ ካሸተተ የዛፉን ዘር ማንዘር ይቆጥራል፤ ተሳስቶም አያውቅም ይባላል። ይህን የሚለው በአብዛኛው እሱ ራሱ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። እጁ ግን የምር እጅ ነው። የሠራው በር አይጮህም፣ የሠራው ወንበር አይነቃነቅም። ወጣ ገባ ያለ ነገር ካየ ሳያስተካክል ማለፍ አይሆንለትም።

መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ከእሱና ከሚስቱ ጋር አማቱ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ ሴት ናቸው። አሁን ማስታወስ ከድቷቸዋል፤ ልጃቸውን በእህታቸው ስም ይጠራሉ፣ ምሳ በልተው ሳህኑ ሳይነሳ ምሳ ይጠይቃሉ። ከእጃቸው የማትለይ አንዲት ነገር ብቻ አለች፤ መዳፍ የምታህል ጥቁር እንጨት። ልብስ ሰፍተው በካውያ ከተኮሱ በኋላ ስፌቱ እንዲተኛ የሚጫኑባት ነበረች። አሁን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ሲያሻሿት ይውላሉ። ጭንቅ ሲላቸው፣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ሲጀምሩ፣ ልጃቸው እንጨቷን ታቀብላቸዋለች። ወዲያው ረጋ ይላሉ። ከሐኪሙ መድኃኒት ይልቅ የምታድናቸው እሷ ነበረች።

አፍንጫው እንጨቷን ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል። እንደ ብረት ትከብዳለች፤ ውሃ ውስጥ ብትጣል ትሰጥማለች። ግን የምን ዛፍ ናት? ቢያሸታት ቢያሸታት የምትሸተው አማቱን ነው፤ ቅባት፣ ሳሙና፣ የእጅ ላብ።

አንድ ጠዋት አማቱ ገና ሳይነሱ እንጨቷን ኪሱ ከተተና ሄደ። እንጨት ቤቱ ከሰፈር አይርቅም፤ ሳይነሱ እመልሳታለሁ ብሎ ነው። የሥራ ባልደረባው ቀለም ቀቢው ተቀብሎ አገላበጣት።

«ይሄማ ተራ እንጨት ነው፤ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ነው የጠቆረው» አለው።

«ዘይት የጠጣ እንጨት እንዲህ ይከብዳል?»

«እንግዲያ ንገረኛ የምን እንደሆነ። ካልሆነልህ አፍንጫህን ላስ።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ያበላሸውም ይኸው ሳቅ ነው። የእንጨት ቤት ሰዎች «እንጨት በፊቱ አይታወቅም፤ ሲላግ ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን ለማወቅ ከጠርዟ ጥፍር የምታህል ቢያነሳ ይበቃው ነበር። እሱ ሞርሳ ላይ አጥብቆ ሰፊውን ፊቷን በመላጊያ ያዘው። ስስ ፍቅፋቂ ወጣ፤ ከሥሩ ከሰል የመሰለ ጥቁረት ብቅ አለ። አሸተተ፣ ጠርዙን ነከስ አደረገ፣ ደግሞ አሸተተ።

«ዞጲ ናት» አለ፤ ከጥቁር እንጨት ሁሉ ውዱ።

ቀለም ቀቢው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳው። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን ፊቷ መሐል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበረ፤ አፍንጫውም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እጁን መሰብሰብ አይችልም። እስኪስተካከል ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ዘይት ቀባው። መስታወት አስመሰላት።

እየተደሰተ ነው ቤት የገባው። አማቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንሶላውን እየዳበሱ ይፈልጋሉ።

«ይኸውልዎ እማማ። ለካ ዞጲ ናት፤ ያውም ንጹሕ ዞጲ።»

ተቀበሉት። አውራ ጣታቸው ወደ መሐል ሄደና ተንሸራተተ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተንሸራተተ። ገልብጠው በሌላው ፊት ሞከሩ። ከዚያ ለእንግዳ ሰው ዕቃውን እንደሚመልሱ ሁሉ በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

«ይሄ የእኔ አይደለም ልጄ።»

ያን ጊዜ ገባው። ያ ጎድጓዳ የእንጨቷ ጉድለት አልነበረም፤ የአማቱ አውራ ጣት በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያበጀው ማረፊያ ነበር። እሱ ፍቅፋቂ አድርጎ መሬት ላይ በትኖት መጣ።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ምን አደረግካት?» አለችው።

«ወልወል አደረግኳት» አላት።

«እናቴ እሷንም ረሳቻት ማለት ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሁሉን ብትረሳ እሷን አትረሳም ብዬ ነበር።»

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ዕረፍት አጡ። ትራስ ሥር ይፈልጋሉ፣ የምድጃ አመድ ሳይቀር ይበረብራሉ። ሚስቱ ባሏን አስከትላ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ «የምትወዳትን ዕቃ እንኳ አታውቅም፤ በሽታው ጠንቶባታል» ብላ ነገረችው። ሐኪሙም የሚያስተኛ መድኃኒት ጨመረላቸው። አሮጊቷ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ቀኑን ሙሉ ያንቀላፉ ጀመር። እንቅልፍ ውስጥ ሆነው እንኳ አውራ ጣታቸው ባዶ ጭናቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። አፍንጫው ያችን ጣት ማየት አቃተው።

በመሮ ጎድጓዳውን መልሶ ሊያወጣ ሞከረ። በራሱ አውራ ጣት ለካ፣ ጠረበ፣ አለሰለሰ። አማቱ ነቃ ሲሉ ያቀብላቸዋል፤ ይሞክሩና አመስግነው ይመልሱለታል። እጁን ጠላው። ቤቱ ውስጥ የጎደለ ነገር ቢኖር እሱ የሸሸገው እውነት እንጂ የአማቱ ትዝታ እንዳልሆነ ያውቃል። እንጨቷን በትክክል የምታውቃት አንዲት ሰው ብትኖር ረሳች የተባለችው ናት።

አንድ ቀን ሚስቱ ክኒኑን በማንኪያ ስትፈጭ ደረሰ።

«ተይው» አላት። «እናትሽ አልረሱም። እኔ ነኝ ላጌ ያጠፋሁት።»

አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ ሳቁን፣ ፉክክሩን፣ ጣታቸው የተንሸራተተበትን። ሚስቱ አልጮኸችም። የተፈጨውን ክኒን ወደ መታጠቢያው ደፋች።

«ለሐኪሙ ስነግረው አጠገቤ ነበርክ እኮ» አለች።

መልሱን ሳትጠብቅ ነጠላዋን ደርባ በቀጥታ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። መድኃኒቱ ተቀነሰ፤ እሱን ግን ከቸር ዋልክ በቀር አታናግረውም።

አሮጊቷ ቀስ በቀስ ነቁ። ከሥራ ሲመጣ ጠብቀው ይጠሩታል፤ እንጨቷ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ አይነኳትም።

«የዚህችን ባለቤት አገኘኸው?» ይሉታል።

«ገና ነው እማማ።»

«ፈልገው እንጂ። እኔም የጠፋችብኝ አለች፤ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ፊቱን አይተው ያዝኑለትና እጁን ይዘው በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ «አይዞህ፣ ትመልስለታለህ። አንተ የሰው ዕቃ የምታስቀር ልጅ አይደለህም» ይሉታል።