ከሂጃቤ የተመዘዘ ክር

ብሩክሊን ፓርክ፣ የምንኖርበት አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ ነው የያዙኝ። ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች ጎረቤታችንን በነጠላ ጫማ እየጎተቱ ወደ መኪና ሲያስገቡት ከበን ጮህን። እኔ ሳላበዛው አልቀረሁም። አንዱ በረዶው ላይ በፊቴ ደፋኝና ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ ተከለ። ጥርሴ ከንፈሬን በሳው። አፌ የገባው በረዶ የደምና የመንገድ ጨው ጣዕም ነበረው።

የታሰርኩበት ክፍል ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። የብረት ሽንት ቤት፣ የሲሚንቶ መደብ፣ የማይጠፋ መብራት። ሂጃቤን ገፈው ወስደው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ መልሰው ወረወሩልኝ። ጠምጥሜ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት በግንባሯ ወለሉ ላይ ወደቀች።

በሩ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል። አንዱ የተነከሰ እጁን ያሻል። ሌላው የተቆረጠ ጥቁር ክር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይከታል።

"ክር አይፈቀድም፤ ራስሽን ታንቂበታለሽ" አላት በእንግሊዝኛ፤ በሩን ዘጋው።

ሴትዮዋ ሁለት እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ቀረች። የቆረጡባት ማተቧን ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ወሎዬዋ እናቴ ጋ በሚመጡ ክርስቲያን ጓደኞቿ አንገት ላይ እያየሁት ነው ያደግሁት።

"አይዞሽ እታለም፣ ሀበሻ ነኝ" አልኳት።

ቀና ብላ ሂጃቤን ስታይ እየተንፏቀቀች ሽንት ቤቱ ጥግ ድረስ ሸሸች።

"አትምቺኝ።"

በረዶው ላይ ከደፋኝ ሰውዬ ጉልበት ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ቆይታ፣ ግድግዳውን እያየች ነገረችኝ። አረብ አገር የቀጠሯት ሰዎች እዚህ ለሕክምና ሲመጡ ይዘዋት መጡ። አጠገባችን ባለችው ኒው ሆፕ ከተማ በተከራዩት ቤት እመቤቲቱ ፓስፖርቷን ቆልፋባት ታሠራታለች፤ የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው ሥር ነው። "ይህን ገመድ ቤቴ ውስጥ አላይም" እያለች ማተቧን በወጥ ቤት መቀስ ስትቆርጥባት፣ እሷ ከመወልወያ ጨርቅ ክር መዝዛ መልሳ ታስራለች። በመጨረሻ እመቤቲቱ የጋለ ካውያ አነሳችባት።

እጅጌዋን ሰበሰበች። የካውያው ሹል ጫፍ ክንዷ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ዙሪያው ውሃ ቋጥሯል። በባዶ እግሯ በረዶው ላይ ሮጣ አመለጠች። ፖሊስ ሲያገኛት እመቤቲቱ "ወርቄን ሰረቀችኝ" ብላ ደውላ ነበር።

"ከምሳ በኋላ ዳኛ ፊት ትቀርቢያለሽ አሉኝ።"

"ታዲያ ሁሉንም ተናገሪያ! ኢንተርፕሪተር ሪኩዌስት አድርጊ፣ ክንድሽን ሾው አድርጊያቸው።"

"አማርኛሽን ብርድ መትቶታል" አለች፤ ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። "አልናገርም። በማተቤ ብዬ ነው የምምለው። ባዶ አንገቴን ቆሜ በምን እምላለሁ?"

"ካልተናገርሽ ለሴትዮዋ ይመልሱሻል።"

"አውቃለሁ።"

ሂጃቤን ፈታሁ። ጫፉን በጥርሴ ተርትሬ ጥቁር ክር መዘዝኩ፤ ሌላም ጨመርኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ በመዳፌ ፈተልኩት። ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም።

"የሙስሊም ክር ነው። ይሆንሻል?"

"ቄስም አልባረከውም።" በሩን አየች። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ያስመታሻል።"

"ተመትቻለሁ እኮ" ብዬ ያበጠ ከንፈሬን አሳየኋት።

ከጥጉ ተነስታ መጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ የመቀስ ጭረት በጭረት ላይ ነበር። አማተበች።

"እሰሪው። ጠበቅ አድርጊ።"

ሊወስዳት የመጣው ያ የተነከሰው ጠባቂ ነበር። ክሩን ከኮሌታዋ ሥር ደበቀችና ሳይጠይቃት እጇን ለካቴና ዘረጋች። ሆን ብሎ የተቃጠለ ክንዷን ጨምድዶ ጎተታት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ኮሌታዋን ገልጦ ክሩን ሊያይባት ነው። አገጯን ቀና አድርጋ ወጣች።

እኔን በማግስቱ ለቀቁኝ። ጠበቃዋ ኋላ እንደነገረችኝ እጅጌዋን ሰብስባ ብዙ ተናገረች፤ አስተርጓሚው መሃል ላይ ውሃ ጠየቀ። የስርቆቱ ክስ ተነሳላት፤ ወደዚያ ቤትም አልተመለሰች።

ስለዚያ ቀን ልጽፍ የሞከርኳቸውን ግጥሞች ሁሉ ቀድጃለሁ። ሂጃቡን ግን አሁንም እለብሰዋለሁ። እናቴ የተተረተረውን ጫፍ ባየች ቁጥር፣ "አምጪው ልዘምዝምልሽ፣ ሰው ያያል" ትላለች።

ይየው እላታለሁ።