ሳልጠይቅ ያዞርኩት ካርድ

ያን ጠዋት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እርሳቸውን ይለቋቸው ነበር ወይስ ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር? ይኸው እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።

በደርግ ጊዜ እንጦጦ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ ውስጥ በነበረ የቴሌግራም ማስተላለፊያ ጣቢያ እሠራ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ስሕተት እንደ ነውር ያስፈራኝ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ የፈረቃ ኃላፊያችን፣ ጋሼ የምላቸው፣ "አንቺ ለነጠላ ሰረዝ ንስሐ የምትገቢ!" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ግድግዳው ላይ የካርዶች ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ካርድ ለአንድ ከተማ የተላከ መልእክት ቀጥሎ ለየትኛው ጣቢያ እንደሚሰጥ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የዚያ ጣቢያ ጉዳይ ነው። መስመር ሲቋረጥ ካርዱን ወደ ሌላ ጣቢያ እናዞራለን፤ ግን አስቀድመን ያንን ጣቢያ "እናንተስ ለማን ትሰጣላችሁ?" ብለን መጠየቅ አለብን።

አንድ ቀን የሰሜኑ መስመር ተቋረጠ። ጋሼ ምሳ ወጥተዋል። መልእክት ይዞ የመጣ፣ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጠባቂ ከኋላዬ ቆሞ "ጓዲት፣ አስቸኳይ ነው አልኩሽ እኮ!" ይላል። ሳልጠይቅ ካርዱን ወደ ምሥራቁ ጣቢያ አዞርኩት።

በማግሥቱ ጠዋት መልእክቶቹ እንዳልደረሱ ታወቀ። አንድ ካድሬ መጥቶ "ይሄ ስሕተት አይደለም፣ አሻጥር ነው! የማን ፈረቃ ነበር?" አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "የእኔ" አሉ። መኪና ውስጥ አስገቧቸው። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ከሄዱ በኋላ የገቢ መልእክቶችን መዝገብ ቁጥር በቁጥር አየሁት። ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ቀድደን ለቀጣዩ ጣቢያ ከማስተላለፍ በቀር ማን ያነባል? አንዱ መልእክት ያው የእኛው ቁጥር እንዳለበት አራት ጊዜ ተመልሶ ገብቷል። የምሥራቁን ጣቢያ ጠየቅኩ።

"ለሰሜን? እኛማ ለእናንተ ነው የምንሰጠው" አለኝ።

እኛ ለእነርሱ፣ እነርሱ ለእኛ። ካርዱን ወደ ምዕራቡ ጣቢያ አዞርኩት፤ አሁን ግን ጠይቄ። መልእክቶቹ አለፉ። ካድሬው ምን ሆኖ እንደነበር ሲጠይቀኝ "መስመሩ ነው" አልኩት።

ጋሼ ከሦስት ወር በኋላ እያነከሱ ተመለሱ። ሰሌዳውን ግን ዳግመኛ አልተጠጉትም። እኔም በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር።

የነገርኳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ካራ ሰፈር ቤታቸው ሄጄ ነው።

"ጋሼ፣ ያን ካርድ ያዞርኩት እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጠይቀሽ ነበር?"

"አልጠየቅኩም። ፈርቼ።"

"እስር ቤት ውስጥ እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜላቸዋለሁ" አሉ። "ደጋግመው ሲሉኝ ውዬ አድሬ እኔም አመንኩት። አርጅቼ ረስቼው ይሆናል አልኩ። ካርድ መንካት የተውኩት ለዚያ ነው።"

ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩ። "አንቺ፣ ነይማ! ነይና ይህችን ልጅ ስሚያት፤ ስሕተቱ የእኔ አልነበረም!" ወደ እኔም ዞሩ። "ንገሪያት እስቲ፣ እንደገና ንገሪ።"