ለሜላት የሠራሁት ሚትሎፍ

ከአገሬ የወጣሁበትን ምሽት ሳስብ ትዝ የሚለኝ ጥድፊያዬ ነው። እማዬ ቦሌ በር ላይ አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። እንዴት አልቸኩል? ባለቤቴ ዘላለም ልጃችንን ሜላትን ይዞ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እኔን ያስቀረኝ የወረቀቴ መጓተት ነው። በአምስት ዓመቷ የሸኘኋት ልጅ ዘጠኝ ሞልቷታል። ያን ሁሉ ዘመን ያስቻለኝ የልጅነት ጓደኛዬ ሂሩት እዚያ መኖሯ ነበር። «አደራ፣ እንደ ዓይንሽ እያቸው» ብላት፣ «አታስቢ፣ እኔ አለሁላቸው» ብላኛለች።

ካልጋሪ ስደርስ የኤርፖርቱ መኮንን ሻንጣዬን ከፍቶ የበርበሬውን ላስቲክ አሸተተና ሦስት ጊዜ አስነጠሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምግብ።»

«ማን ነው የሚበላው?»

«ባሌና ልጄ።»

ዓይኑን እየጠረገ «ጉድ ላክ ቱ ዘም» ብሎ አሳለፈኝ።

እውነቱን ነው። ሜላት አንድ ጉርሻ ቀምሳ «ቱ ስፓይሲ፣ ማሚ!» እያለች ውኃ ፍለጋ ሮጠች። ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን እንደ እንግዳ ነበር የምታየኝ። ሳቅፋት ትቆምልኛለች፣ እጇን ግን አታነሳም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ብርዱን እንዴት ቻልሽው ትሉኛላችሁ። ብርዱንስ ጃኬት ይችለዋል።

አንድ ቀን «ምን ልሥራልሽ?» ብላት «ሚትሎፍ» አለችኝ። ስሙንም ሰምቼው አላውቅ። በማጸዳበት የአረጋውያን ቤት ምግብ የምትሠራውን ሊንዳን ጠየቅኳት። የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የጠጣ የዳቦ ፍርፋሪና ሽንኩርት አንድ ላይ ይታሽና እንደ ዳቦ ተድቦልቡሎ ኦቨን ይገባል። «ቅመሙስ?» ብላት «ጨውና ቁንዶ በርበሬ፤ በቃ» አለች። ክትፎ በልቶ ላደገ ሰው ሥጋን በዳቦ መቅበር ግፍ ነው፤ ግን ለልጄ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጀመርኩ። ሥጋውን እንደ ሊጥ ሳሸው ሜላት ወንበር ስባ አጠገቤ ቆመች። እንቁላሉን የሰበረችው እሷ ናት። ቅርፊት ገባበትና ሁለታችንም ጣታችንን ከተን ስናሳድደው በሳቅ ፈነዳች፤ ራሷን ክንዴ ላይ ጣል አደረገች። ይህን አገር የወደድኩት ያን ቀን፣ ያን ሰዓት ነው።

ድንቹን ደፍጥጬ፣ አተሩን ቀቅዬ አቀረብኩ። ሜላት ጎርሳ አኘከችና «ኢትስ ሶ ጉድ፣ ማሚ!» አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቀጠለችና፦

«ባት አንቲ ሂሩት ስትሠራው ከላይ ኬቻፕ ታደርግበታለች።»

«ሂሩት? መቼ ሠራችልሽ?»

«ኤቭሪ ሰንደይ። እዚህ ስትኖር።»

የዘላለም ሹካ አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። «ሜላት፣ ወደ ሩምሽ ሂጂ።»

«ምሳዋን ትጨርስ» አልኩት።

ልጅቱ እኔንና እሱን እያፈራረቀች አየች። «ዲድ አይ ሴይ ሰምቲንግ ባድ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም የኔ እናት፤ ብዪ።» ሌላ ቆርሼ ሰጠኋት።

በልታ ስትነሳ ጠየቅኩት። እሱና ሂሩት ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። የእኔ ቪዛ ሲመጣ ነው ከካልጋሪ ወጣ ወዳለችው ቸስተርሚር የሄደችው።

«ብቻዬን ነበርኩ እኮ» አለኝ።

«እኔስ ከማን ጋር ነበርኩ?»

ተነሥቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ።

ቪዛዬ መጣ ስላት ሂሩት በስልክ ያለቀሰችው የደስታ መስሎኝ ነበር። ከመጣሁም ወዲህ «ልምጣ» ባልኳት ቁጥር «ሺፍት አለብኝ» ትለኛለች። ባሌን መውሰዷ አቃጥሎኛል፤ ከዚያ የባሰው ግን የልጄ የወተት ጥርስ ሲወልቅ ያየችው እሷ መሆኗ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ለእማዬ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሂሩት ከዘላለም ጋር ትኖር ነበር!»

«በስመአብ!» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ሰምተሽ ነበር እንዴ?»

«እናቷ ነግራኝ ነበር… አምና።»

«ቦሌ ስትሸኚኝ ታውቂ ነበር?»

«ነግሬሽ ቢሆን ትሄጂ ነበር?» አለችኝ። «ልጅሽ እኮ ያለችው እዚያ ነው።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ስልኩን ዘጋሁት።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። የምተኛው ሜላት ክፍል ነው፤ ከዘላለም ጋር የምንነጋገረው ስለ ትምህርት ቤቷ ብቻ ነው። እማዬ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ። ለዚያች ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋትም። ብትነግረኝ አልሄድም ነበር። ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራት፣ ሜላት ጎኔ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች?