የዙለይካ ሦስተኛው ማትሪክ

ዙለይካ መልካሳ ባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ባሏ አብዱናሲር ለብሔራዊ ውትድርና ከናዝሬት ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከአንዲት ደብዳቤ በቀር ወሬው የለም። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ አማቷ ዘንድ ተጠግታለች።

አማቷ ወይዘሮ ፋዲላ ክፉ አልነበሩም። የምራታቸው የማትሪክ ፈተና ግን አንገሽግሿቸዋል።

"ሁለቴ ወደቅሽ። ዘንድሮም ከወደቅሽ አርሲ ነገሌ፣ የወንድሜ እህል መጋዘን ለሥራ ትገቢያለሽ። ልጆቹ እኔው ጋ ይቀራሉ" ብለው ቁርጡን ነገሯት።

ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ባዮሎጂ ነው። ሴል በአማርኛ ህዋስ ሲባል ቀድሞ የሚመጣባት በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰበሰበው የፓርቲው ህዋስ ነበር። የማታ ተማሪ ሳለች፣ መምህሩ የሴል ክፍፍልን ባስተማረበት ሰሞን ታናሽ ልጇን ኩፍኝ ይዟት ከክፍል ቀረች። ያለፋትን አብራት ከምትማረው ከጎረቤቷ ከሸዋወርቅ ደብተር ገልብጣ፣ ወለል ስትወለውል ሳይቀር እንግሊዝኛውን እያነበነበች ሸመደደችው።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ጨንቋት የላቦራቶሪውን ቴክኒሻን አቶ ኃይለየሱስን ለመነች።

"ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎት፣ ሴል ሲከፈል አንዴ በዓይኔ ልየው።"

ሰውዬው ውሃ ላይ ካበቀሉት ሽንኩርት የሥሩን ጫፍ ቆርጠው፣ ቀለም ውስጥ ነክረው፣ በመስታወት ተጭነው ማይክሮስኮፑ ሥር አደረጉላት። ዙለይካ አጎንብሳ አየች። ቀያይ ክሮች ወዲያና ወዲህ ተጎትተዋል።

"ይሄ ማይቶሲስ ነው" አሏት። "አንዱ ሴል ሁለት ይሆናል፤ የክሮሞዞሙ ቁጥር አይጎድልም።"

"አራት አይደለም እንዴ? ግማሽ ግማሽ ደርሷቸው?"

"እሱማ ሚዮሲስ ነው! የዘር ሴል ሲሠራ፣ አበባው ውስጥ። ማነው እንዲህ ያለሽ?"

ሮጣ ደብተሯን አመጣች። አቶ ኃይለየሱስ ገጹን ሁለቴ አነበቡት።

"አርእስቶቹ ተለዋውጠዋል፣ ልጄ።"

ዙለይካ ከባልዲዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ስትሸመድድ ኖራለች። ሸዋወርቅን ልትረግም ፈለገች፤ ግን ስትገለብጥ የተሳሳተችው ራሷ ብትሆንስ? አላስታወሰችም። አለማስታወሷ ይበልጥ አንገበገባት።

አቶ ኃይለየሱስ ሦስቱን ቀን የምሳ ሰዓታቸውን ሰጧት። ፈተናው ላይ ጥያቄው መጣ። አዲሱን መልስ ልታጠቁር ስትል አሮጌው ምላሷ ላይ ይቀድማታል፤ አጥቁራ ታጠፋለች፣ አጥፍታ ታጠቁራለች፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ።

ውጤቱ ሲመጣ ባዮሎጂ ሲ ሆነላት። በባዮሎጂ ስትንገበገብ የዘነጋችው ሒሳብ ግን ኤፍ ነበር፤ ድምሩ ማለፊያውን አልሞላም።

ወይዘሮ ፋዲላ ወረቀቱን አስነብበው አጣጥፈው መለሱላት። ከዚያ "ዕቃሽን አሰናጂ" አሏት፤ ድምፃቸው እንኳ የቁጣ አልነበረም።

በአርሲ ነገሌ የሚያልፈው የሻሸመኔ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ትልቋ ልጅ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ "እማ፣ መቼ ትመጪያለሽ?" አለቻት።

ዙለይካ በመስኮቱ እጇን ሰድዳ የልጅቷን ሻሽ አስተካከለችላት። ረዳቱ በሩን ዘጋው፣ አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ።