በጉም ውስጥ የጮህኩት የጃፓን ቃል

ልጅ እያለሁ ከደሴ ሰው ሁሉ ጃፓንኛ የምንችለው እኛ የሆጤ ሰፈር ልጆች ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር። የምንችለው አንድ ግሥ ነው፤ ያውም ከነእርባታው። ያስያዘችን በበጎ ፈቃደኝነት መጥታ ስፖርት የምታስተምረን ጃፓናዊት መምህርታችን ዩኪ ናት። «ማትሱ» መጠበቅ፣ «ማቺማስ» እጠብቃለሁ፣ «ማቴ» ደግሞ ቆይ።

እንዳንረሳው መላ ነበራት። «ማ» ስንል ከንፈራችንን እንገጥማለን፣ «ቴ» ስንል እግራችንን መሬት ላይ እንተክላለን። ቀጥላም ጨዋታ አደረገችው። እየሮጥን ሳለ «ማቴ» ካለች እንደነበርን መድረቅ ነው፤ የተንቀሳቀሰ ይወጣል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚሸተው የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ በአንድ እግራችን እንደ ሽመላ ቆመናል። ቃሉ ከነጨዋታው ከሜዳው አልፎ ሰፈር ገባ፤ ትንንሾቹም ያዙት። ቧንቧ ወረፋ ላይ ማቴ፣ ባጃጅ ሊያመልጠን ሲል ማቴ፣ እናቴ ልትልከን ስትጠራን ማቴ። እሷም «ይኸ ማቴያችሁ አንድ ቀን ያስገርፋችኋል» ትል ነበር።

አንድ የሰኔ ቀን ታናሽ እህቴን ሰዓዳን ይዤ በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው አቋራጭ ወደ ቤት ስንመለስ ጉም ወረደብን። የደሴን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የዘረጉትን እጅ ይሰውራል። ገና አንደኛ ክፍል የነበረችው ሰዓዳ ጉሙ ደስ ብሏት እጄን አስለቅቃ ሮጠች። መንገዱ ወደፊት ጎርፍ በናደው ገደል አፍ ላይ እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። «ሰዓዳ ነይ፣ ወላሂ ትወድቂያለሽ» ብዬ ስጮህ የማባርራት መስሏት እየሳቀች ባሰባት። ኮቴዋ ራቀ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ማቴ!» አልኩ።

ኮቴው ቀጥ አለ።

እየዳበስኩ ስደርስ አንድ እግሯን አንስታ፣ እጆቿን ዘርግታ ደርቃለች። ከፊቷ መሬት የለም። ጎትቼ ወደ ደረቴ ሳስጠጋት «ተንቀሳቀስኩ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «አልተንቀሳቀስሽም፣ አሸንፈሻል» አልኳትና አለቀስኩ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ቁጣውን ትታ እጇን ለዱዓ ዘረጋች፤ «ያችን የሰው አገር ልጅ አላህ ጀዛዋን ይክፈላት» አለች።

ዛሬ ሰዓዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ በእረፍት ቀኗ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ድረስ ትጠይቀናለች። ስትመለስ ጉም ከወረደ ስልኬን አላስቀምጥም። ያኔ መትረፏን እጇን ይዤ ነው ያመንኩት፤ ዛሬ መድረሷን በድምጿ ብቻ ማመን አለብኝ። «ደርሻለሁ አልኩህ እኮ፣ ልጅ ነኝ እንዴ?» ብላ ትቆጣኛለች። ትቆጣኝ። የምትቆጣኝ እህት አለችኝ፣ አልሐምዱሊላህ።